ለጌጡ የወጣ ድንኳን

እቅዱ የሚኖረው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ከአራዊት ግቢው ቢሮ መግቢያ፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከላይ አምፖል በርቶለታል። ዛፎቹ ከስፖንጅ የተቆረጡ ናቸው፤ ሐይቁ ሰማያዊ መስታወት ነው፤ ጥፍር የሚያክሉ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው በመንገዶቹ ይንሸራሸራሉ። አቧራ እንዳያርፍበት በየጠዋቱ ይወለወላል። ዝናብ አይነካውም።

ጌጡን ግን ይነካዋል። ጌጡ አንበሳ ነው፤ ያረጀ፣ ጎፈሩ የሳሳ፣ የኋላ እግሮቹ የከዱት። ስለ እሱ የማወራው ስለ ጎረቤቴ ስለ እንቁ ለመናገር ነው። ሻይ እያዘዙ ነው የገፏት፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

እንቁ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ቤት መኖሯን የማውቀው በቦቲ ጫማዋ ነው። ሽታው ቤት እንዳይገባ ብላ ደረጃው ብረት ላይ ዘቅዝቃ ትሰቅለዋለች። ቦቲው ከተሰቀለ እንቁ አለች፤ ከሌለ አንበሳው ዘንድ ናት። ያደገችው ደብረ ሲና አጠገብ ነው። አዲስ አበባ የመጣችው ገርጂ አክስቷ ዘንድ ሲሆን፣ ብዙ ዘመኗን ኢምፔሪያል አካባቢ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ስትጠርግ አሳለፈች። አንዲት ልጇን ሀይሚን ያሳደገችው በዚያ መጥረጊያ ነው።

ከዚያ ከእኛ ሰፈር ወደ ላምበረት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የአራዊት ግቢ ጽዳት ሠራተኛ ፈለገ ሲባል ሄደች። የመጀመሪያ ቀን የጅቡን ቤት ጥረጊ አሏት፤ ሌሎቹ ሴቶች እምቢ ብለው ነበር።

"ታስሯል አይደል?" ብላ ጠየቀች።

"አዎ፣ በሰንሰለት።"

"እንግዲያው መፍራት ያለበት እሱ ነው" ብላ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች።

ማታ በሚኒባስ ስትመለስ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩ። ረዳቱ፣ ጆሮው ላይ ክብሪት የሰካ ጎረምሳ፣ ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ምን ይዘው ነው?" አላት።

"አንበሳ" አለችው።

"የት አለ?"

"ልብሴ ላይ።"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀና መስኮቱን ከፈተ። እሷ ግን አልሳቀችም። የሥራዋ ሽታ ነው፤ አታፍርበትም።

ጌጡ እዚያ ግቢ የመጣው ከቦሌ ነው። አንድ ባለጸጋ ቪላው በር ላይ ለጌጥ አሳድጎት፣ አገር ለቆ ሲሄድ ጥሎት ሄደ። ሲመጣ አንገቱ ዙሪያ ሰንሰለት የፈጠረው ቁስል ነበረው። ቅባት ቀቢ ብሎ ያዘዛት የለም፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ጨርቅ አስራ፣ ከፍርግርጉ ውጪ ቆማ የቀባችው እንቁ ናት። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ቅልጥምና ትርፍራፊ የምታመጣለት ከሸሪፋ ባል ከሙራድ ሥጋ ቤት ነበር። ሸሪፋ ከታች ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። "አንበሳሽ ጾም አይዝም፣ እስላም ሆኗል ማለት ነው" እያለች ትቀልድባታለች።

አንድ ክረምት በረዶ የቀላቀለ ነፋስ መጣና የጌጡን ቤት ቆርቆሮ ግማሹን ገንጥሎ አጥር ላይ ጣለው። የቀረው ግማሽ ያፈሳል። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ውሃው መውጫ የለውም፤ ተኝቶ ያድራል። አንበሳውም እዚያው ላይ ይተኛል። በሚቀጥለው ክረምት መነሳት አስቸገረው። እንቁ ቢሮ ሄደች።

የግቢው ሥራ አስኪያጅ ፍስሃ ይባላል፤ ለእኔ ልጄ ቢሆን ነው። ክፉ ሰው አይደለም ትላለች እንቁ፤ ቁጭ በይ ብሎ ወንበር ይስባል፣ ሻይ ያዛል። እኔ ግን ይህ የባሰ ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰው ያውቅበት ነበር።

"ይገባኛል ወይዘሮ እንቁ" አላት። "ግን ያ ቦታ በመሪ እቅዱ የመኪና ማቆሚያ ነው። ለሚፈርስ አይጠገንም፤ በጀት አይለቀቅም።"

"መቼ ነው የሚፈርሰው?"

"በሁለተኛው ምዕራፍ።"

"አዲሱ የአንበሳ ቤትስ መቼ ይሠራል?"

"እሱ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሳር ያለው፤ ሰው ከላይ በድልድይ እየሄደ የሚያይበት። በሦስተኛው ምዕራፍ ነው።"

"ታዲያ እስከዚያስ?"

ፍስሃ በሻዩ ውስጥ ማንኪያውን አዞረ። "እስከዚያ ያለው በጥናት ላይ ነው።"

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። የውሃው ቧንቧ ሲሰበር እቅዱ ይመጣል ተባለ። የዝንጀሮዎቹ ሽቦ ሲበሳ እቅዱ ይመጣል ተባለ። ባለሙያዎች መጡ፣ ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ አዳራሽ ውስጥ ውይይት ተደረገ። ሠራተኛውም ሐሳብ ይስጥ ሲባል እንቁ ከኋላ ወንበር ተነስታ ያችኑ ጠየቀች፤ "እስከዚያስ?" አለች። መድረክ ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩና "ጥሩ አስተያየት ነው፣ ተመዝግቧል" አሏት። ምሳ በልታ ወጣች።

ከእቅድ ጋር ጠብ የለኝም። ግቢ ያለ እቅድ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ጌጡ ምስክር ነው፤ ማንም ሳያስብበት ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የተጣለ ፍጥረት ነው። አራዊት የሚያኖር ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት አርቆ ማሰብ አለበት፤ አንበሳ በልቶ ይኖራል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። ግን እቅዱ ነገን ሲይዝ፣ ዛሬን ማን ይያዝለት? የሚመጡት ወጣት አንበሶች ሜዳ ተለክቶላቸዋል፣ ድልድይ ተሠርቶላቸዋል፤ ገና አልተወለዱም። ያለው አንበሳ ግን በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ የለም። ያለበት ቦታ ላይ ትንንሽ መኪኖች ተደርድረዋል።

"ለሚፈርስ አይጠገንም" የሚለውን ቃል ደግሞ እኛ የአባዶ ሰዎች ከዚህ በፊት ሰምተነዋል። በድሮው ሰፈራችን ቦታው ለልማት ተፈልጓል ተብለን ስንት ክረምት ተቀመጥን። ቆርቆሮ አትቀይሩ፣ አጥር አታድሱ፣ ይፈርሳል። አልፈረሰም፤ እየዘነበብን ኖርን። ባለቤቴ የመጨረሻ ክረምቱን ያሳለፈው አልጋው አጠገብ ሳፋ ተደቅኖ ነው። ጠብ ጠብ ሲል እሱ "ይህ ሳፋ ከእኔ በፊት ይሞላል" ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደዚህ ያመጡን።

በዚህ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ እንቁ ለጌጡ ቤት ክዳን የሚሆን ላስቲክ ገዛች። የግቢው ጥበቃ ኢምራን መሰላል ያዘላት፤ ሁለቱ ሆነው በገመድ አሰሩት። በማግስቱ ወረደ። ያልተፈቀደ ግንባታ ነው ተባለ። የዚያን ቀን ማታ ደረጃ ላይ አገኘኋት፤ ቦቲዋን አልሰቀለችም፣ በእጇ ይዛው ቆማለች።

"ዛሬ አልተነሳም" አለችኝ። "ሥጋውን አፉ ድረስ በእንጨት ገፋሁለት። ደረቅ መሬት ካላገኘ ነሐሴን አይወጣም።"

በሚቀጥለው እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። እድራችን ከድሮው ሰፈር አብሮን የመጣ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱ ቀረ፣ አጥሩ ቀረ፤ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ግን በጭነት መኪና ይዘን መጣን። እዚህ የገቡ አዲስ ጎረቤቶችም ተቀላቀሉ፤ ሸሪፋም፣ ኢምራንም አባል ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ዘርአጽዮን ናቸው፤ ጡረተኛ፣ ቀጭን፣ ደንብ ከሚጣስ አንገታቸው ቢቆረጥ የሚመርጡ ሰው።

እንቁ ተነስታ ድንኳኑን ለጌጡ እንዲያውሷት ጠየቀች። ሌላ ነገር እስክታገኝለት ድረስ ብቻ።

"ጌጡ የማን ቤተሰብ ነው?" አሉ አቶ ዘርአጽዮን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

"አንበሳው ነው።"

ሰው አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ "መዋጮውን ከፍሏል ወይ?" አለ፤ ሳቁ።

"ወይዘሮ እንቁ" አሉ አቶ ዘርአጽዮን፣ "የእድር ድንኳን የሚወጣው ለሞተ ነው።"

"እንግዲያው ሲሞት ልምጣ?"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"ጋሼ ዘርአጽዮን" አለች ሸሪፋ፣ "ለሰርግ ታከራዩት የለም እንዴ? ያን ጊዜ ማን ሞቶ ነው?"

"የሚያገባው ይሞታላ" አለ ያው የኋላው ሰውዬ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

አቶ ዘርአጽዮን ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። "ቀልዱን ተዉት። መሥሪያ ቤት አለው፣ በጀት አለው፣ ባለቤት አለው። ለምን እነሱ አይሠሩለትም?"

"ጠይቄ ነበር" አለች እንቁ። "ለሚፈርስ አይጠገንም አሉኝ።"

እዚያ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ይህንን ቃል በድሮው ቤታችን በር ላይ ቆመን ሰምተነዋል። አቶ ዘርአጽዮን መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"እንዲህ ነው ያሉሽ? በዚህ ቃል?"

"በዚህ ቃል።"

"ድንኳኑ ይውጣ" አሉ። "ግን በደንቡ ነው የሚወጣው። የእኛ ድንኳን ከተተከለ ሰልስት ሳይሆን ተነቅሎ አያውቅም። በሰርግም ቢሆን፣ በልቅሶም ቢሆን፣ በአንበሳም ቢሆን።"

ሐሙስ ጠዋት ጭነት መኪናው ግቢው በር ደረሰ። ኢምራን ከፈተላቸው፤ የልቅሶ ድንኳን የጫነ መኪና ወዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሸራው አመድማ ነው፤ የእድራችንን ስም ከሩቅ የሚያሳይ ጥቁር ጽሑፍ አለበት። የጌጡ ቤት ከዋናው መንገድ አጥር አጠገብ ስለሆነ ድንኳኑ ከፍርግርጉ ፊት ቆሞ ሸራው በተገነጠለው ክዳን ላይ ሲዘረጋ ከታክሲ ላይ ሁሉ ይታይ ጀመር። ጫኞቹ የእድሩ ጎረምሶች ናቸው። ድንኳን ጫኑ ሲባሉ ሌላ ነገር አያስቡም፤ እንደ ልማዳቸው አግዳሚ ወንበሮቹንም፣ ትልቁን የውሃ በርሜልም ጭነው መጥተዋል። አውርደው በሁለት ረድፍ ደረደሯቸው። እንቁ ካስማው መጠበቁን ስታይ ስለነበር ልብ አላለችም። ጌጡ ከሸራው ጀርባ፣ በፍርግርጉ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አየና መልሶ ተኛ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴትዮ ከመንገድ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ከዚያ ከታክሲ የወረዱ ገበያተኞች። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ቆይቶ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ብሎ ይወጣል። እኔ ከሸሪፋና ከአቶ ዘርአጽዮን ጋር ስደርስ ወንበሩ ግማሹ ሞልቶ ነበር። እንቁ ጥግ ላይ ቆማ "ምን ልበላቸው?" አለችኝ። እኔም አላወቅሁም። ሸሪፋ "ዝም በይ፣ ማዘናቸው ይገባል" አለችና ተቀመጠች።

ያ ቀን እቅዱ በይፋ የሚመረቅበት ቀን ነበር። ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተዛውሮ ኖሯል፤ ለጠራጊ ማን ይነግራል? በግቢው ሌላኛው ጫፍ ፍስሃ ጣውላ የተነጠፈበት መድረክ አሠርቷል፣ የመስታወቱን ሳጥን በአራት ሰው አስወጥቶ መድረኩ ላይ ዳስ ጥሎለታል። እንግዶቹ በመኪና መጡ። ከፊት ያሉት ትልቁ እንግዳ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ በእርጅና የከበደ አረማመድ ያላቸው። ከመኪናቸው ሲወርዱ ድንኳኑን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ቀጥታ ወደ እኛ መጡ። የተከተሏቸው ሁሉ መከተል ነበረባቸው። ካሜራ የያዘውም ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ገባ። ፍስሃ የመጨረሻው ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከሠራተኞቹ የትኛው እንደሞተ በዓይኑ ይፈልግ ነበር መሰለኝ። እንቁን ሲያይ ተነፈሰ፤ እሷ አለመሆኗን አወቀ።

ተቀመጡ። ዝናብ ጀመረ፤ ሸራውን ይደበድበዋል። ከሸራው ጀርባ ጌጡ አንድ ጊዜ አገሳ፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ እንደ አሮጌ በር። አንዷ እንግዳ ደንግጣ የጎረቤቷን ክንድ ያዘች።

ትልቁ እንግዳ ወደ አቶ ዘርአጽዮን ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁ። "ምን አግኝቷቸው ነው?"

"ዝናብ" አሉ አቶ ዘርአጽዮን።

"ዝናብ?"

"ዝናብና ሊሾ።"

"ይቅር ይበላቸው። ቀብሩ መቼ ነው?"

"ገና አልሞተም።"

ሰውየው ተነስተው የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ጌጡ እርጥቡ ሊሾ ላይ ተዘርግቷል፣ ያደረው ውሃ ጎኑን ከቦታል፣ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አያቸው። ሸራውን መልሰው ለቀቁት። እንቁ አጠገባቸው ቆማለች፤ የምታውቀውን አንድ ጥያቄ ልትጠይቅ አፏን ከፍታለች። እሳቸው ግን ወደ ፍስሃ ዞሩ።

"ይህ ድንኳን ይነሳ። ጋዜጠኞቹ ከመቅረጻቸው በፊት።"

ስለ አንበሳው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሰው ሞተ ብለው ባርኔጣ ያወለቁ፣ ልብ አላቸው ብዬ ነበር።

ፍስሃ ለአቶ ዘርአጽዮን "አባቴ፣ እባክዎ ያንሱልን" አላቸው።

"ሰልስቱ ሳይሆን አይነሳም፤ ደንብ ነው።"

"ያልሞተ ሰልስት አለው እንዴ?"

"ልጄ፣ ያልተሠራ ነገር ምረቃ ካለው፣ ያልሞተም ሰልስት ይኖረዋል።"

ከለቀስተኞቹ አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ፍስሃ ኢምራንን ጠራ፣ ካስማውን ንቀል አለው። ኢምራን እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ። "ጌታዬ፣ የፈለጉትን ይዘዙኝ፤ ሰው የተቀመጠበትን የልቅሶ ድንኳን ግን አልነቅልም። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?" ሌላው ጥበቃም እምቢ አለ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴትዮ፣ እስከዚያ ድረስ ማን እንደሞተ ሳታውቅ የተቀመጠችው፣ "ይህ ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ ድንኳን በሰው ላይ ሊነቅሉ ነው?" ብላ ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እንግዶቹ ተነስተው ወደ አዳራሽ ገቡ። ምረቃው መጋረጃ ተዘግቶ አለቀ።

አርብ ጠዋት ሠራተኞች መጡ፣ ቆርቆሮ ጭነው። ቅዳሜ የጌጡ ቤት ሙሉ ክዳን ነበረው፣ በጎኑ የውሃ መውረጃ ተቆፍሮለት ነበር። ሊሾው ላይ ጣውላ ተነጠፈ፤ ከምረቃው መድረክ የተነቀለ ጣውላ ነው፣ የቀይ ምንጣፉ ምስማር ገና አልወጣለትም ነበርና እንቁ በመዶሻ አንድ በአንድ ነቀለችው። በጀት ከየት መጣ? ጥናቱ መቼ አለቀ? ሁለተኛው ምዕራፍ የት ገባ? ማንም አልጠየቀም። ሰልስቱ ሲሆን አቶ ዘርአጽዮን መጥተው ክዳኑን አዩ፣ ጣውላውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና ድንኳኑ ይነቀል አሉ።

በሁለት ቀን የሚሠራ ነገር ነበር። ስንት ክረምት ከለከሉት! ያንን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሠሩትም ለአንበሳው አዝነው አይደለም፤ ድንኳኑ ከመንገድ ስለሚታይ ነው። የባለቤቴም ሳፋ ከመንገድ ቢታይ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሰኞ ፍስሃ እንቁን ጠርቶ ሻይ አዘዘላት። ዕድሜዋ ስለገፋ፣ ሥራውም ስለሚከብዳት፣ ከአራዊቱ ተነስታ ትኬት መቁረጫዋ መስኮት እንድትቀመጥ ተወስኗል አላት። የጌጡን ፍርግርግ ቁልፍ ተቀበላት። ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ላያት ሄድኩ። በምሳ ሰዓት መስኮቷን ዘጋች፣ ከራሷ ቦርሳ ብር አውጥታ ለራሷ አንድ ትኬት ቆረጠች፣ ዞራ በዋናው በር ገባች። ኢምራን ትኬቷን ቀደደላት። ተመልካች አይከለከልማ።

ጌጡ ጣውላው ላይ ጋደም ብሏል። ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ እሱ ጆሮውን ወደ ድምጹ ያዞራል እንጂ አይነሳም። እንቁ ከተመልካቹ አጥር ውጪ ቆመች፤ ከዚያ አልፋ እንድትገባ አይፈቀድላትም። አዲሱ ልጅ ሥጋውን ጥግ ላይ ወርውሮለት ሄዷል፣ ሩቅ ነው።

"አይደርስበትም" አለችኝ።

"ለፍስሃ ንገሪው።"

"ነገርኩት። አዲስ የአመጋገብ መመሪያ በእቅዱ ውስጥ ይወጣል አለኝ።"

አጥሩ ጥግ ላይ የቆመውን ያንን ቅባት የምትቀባበትን ረጅም እንጨት አየችው። ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ ኢምራን በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

"ያዢልኝ" ብላ ትኬቷን ሰጠችኝና እንጨቱን አነሳች።